«የት ከረምሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ከነወባቸው ስለሚወለዱ የወሎ ሕፃናት ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
ለደቡብ ወሎ፣ ለሰሜን ወሎና ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጤና መምሪያዎች፣
እንዲሁም ወሎ ውስጥ እርጉዝና አራስ ለምትከታተሉ የሙያ ጓደኞቼ

ጤና ይስጥልኝ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ግማሹን ቆላ፣ ግማሹን ደጋ አሳልፌያለሁ። መጀመሪያ የተመደብኩት ቆቦ ሜዳ ላይ ነበር። እዚያ ወባ የቤት እንግዳ ነው። ልጅ ሲያተኩሰው እናቱ ራሷ «ወባ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ነው ይዛው የምትመጣው። አሁን ያለሁት ደጋ ነው። ጠዋት ውርጭ ይጥላል። ሰዉ ወባን የሚያውቀው ቆላ ወርዶ ከተመለሰ ዘመድ አፍ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በደጋውና በቆላው መካከል የሚወድቁ ሕፃናት ስላሉ ነው።

ስለ አንዱ ልንገራችሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። አንዲት አራስ ከእናቷ ጋር መጣች። ዕድሜዋ 19፣ ልጁ የመጀመሪያዋ፣ ከተወለደ 16 ቀኑ። አያትየዋ ሕፃኑን በነጠላና በጋቢ ደራርባ ጠቅልላዋለች። ጋቢውን ስገልጠው ሙቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ጡት አልይዝ ብሏል። ውስጥ እግሩ ሰም መስሏል፤ ደም የሚባል የለበትም። ዓይኑ ቢጫ ቢጫ ይላል። ሲያለቅስ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ያለቅስና ይደክመዋል።

የምናውቀውን አደረግን። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ሲያተኩሰው ቶሎ የሚታሰበው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው። ልክም ነው፤ እሱን ችላ ያለ ሰው ልጁን በሰዓታት ውስጥ ያጣዋል። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ወጋነው። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክነው። እዚያም ያንኑ ቀጠሉ። አራት ቀን ሙሉ። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ እየነጣ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ደም እንዲሰጠው ተወሰነ። ለዚያ ሲባል ናሙና ሲታይ የላቦራቶሪው ልጅ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያ በፊት ወባ በሚበዛበት ቆላ፣ መተማ ሠርቷል። ተነሥቶ ወጣና አያትየዋን አንድ ነገር ጠየቃት።

«እናቴ፣ ልጅዎ የት ከርማ ነው የመጣችው?»

«መተማ» አለችው።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ልጅቷ ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ መተማ ከባሏ ጋር ነበረች። እሱ ሰሊጥ ያርማል፣ እሷ ለሠራተኛው ትጋግራለች። ነሐሴ ላይ ለሦስት ቀን አንቀጥቅጧታል። ከሱቅ ክኒን ገዝተው ሰጧት። ተሻላት፤ የቀረውን ክኒን ለሌላ ሰው ሰጠችው። ሆዷ ሲገፋ እናቷ ዘንድ ልትወልድ መጣች።

ሕፃኑ የወባ መድኃኒት በተጀመረለት በሁለተኛው ቀን ጡት ያዘ። ድኗል። አሁን ይድሃል።

ያቺን ልጅ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ከመተማ ከተመለሰች በኋላ ለክትትል ስትመጣ ሁለት ጊዜ ያየኋትም እኔው ነኝ። ካርዷ ላይ የደም ግፊቷን ጽፌያለሁ። ክብደቷን፣ የደም ዓይነቷን፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራዋን ጽፌያለሁ። ጎረቤቶቿ ገና ከመንገድ ስትገባ «የት ከረምሽ?» ብለው ነው የተቀበሏት። እኔ ግን አልጠየቅኳትም። የምንሞላው ካርድም አይጠይቅም። ስለዚህ ሆስፒታሉን ልከስ አልተነሣሁም። የጎደለው ጥያቄ መጀመሪያ የጎደለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ ስነግራቸው «እንዴ፣ ወባ ከእናት ይወረሳል እንዴ?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ሁላችንም ትንኝ፣ አጎበር፣ ያቆረ ውኃ እየተባልን ነው የተማርነው። ነገሩ ግን የታወቀ ነው። የወባ ተውሳክ የሚኖረው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። በእርግዝና ወይም በምጥ ጊዜ የእናት ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ጥቂት እንኳ ወደ ልጁ ካለፈ ተውሳኩም አብሮ ያልፋል። ገና ሰባት ቀን ያልሞላው ሕፃን ደም ውስጥ ወባ ከተገኘ ትንኝን መክሰስ አይቻልም። በትንኝ ንክሻ የገባ ወባ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይራባል። ደም ውስጥ ወጥቶ እስኪታይ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የሰባት ቀን ልጅ ግን ይዞት ተወልዷል ማለት ነው።

ችግሩ፣ ልጁ ይዞት ቢወለድም ወዲያው አይታመምም። ከእናቱ የወሰደው መከላከያ አለ። የአራስ ልጅ ደምም ለተውሳኩ እንደ ትልቅ ሰው ደም አይመቸውም። እነዚህ ሁለቱ ለጊዜው ይይዙለታል። ከዚያ ይላላሉ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከተወለደ ከ10 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መንጣት፣ ቢጫ መሆን፣ የጣፊያ ማበጥ። ከሌላ ኢንፌክሽን በዓይን አይለይም። የሚለየው አንድ ጠብታ ደም ነው። ደግሞ ያንን ጠብታ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ወባን ማሰብ አለበት። ደጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ወባን እንዲያስብ የሚያደርገው ሌላ ምንም ነገር የለም፤ የእናትየዋ መልስ ብቻ ነው።

የትኛዋ እናት ናት ይበልጥ የምታሰጋው? ይህ የልቤ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራው።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ናት። ቆላ ተወልዳ ቆላ ያደገች ሴት ወባን በልጅነቷ ደጋግማ ስለያዛት ሰውነቷ በመጠኑ ለምዶታል። ነገር ግን ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት እርጉዝ ሴት ሲያገኝ አዲስ መደበቂያ ያገኛል። የገባባቸው የደም ሕዋሳት እንግዴ ልጁ ላይ እየተለጠፉ እዚያው ይከማቻሉ። የሴትየዋ ሰውነት ይህን ዓይነት አያውቀውም፤ ከዚህ በፊት እንግዴ ልጅ ኖሮት አያውቅምና። መከላከሉን የሚማረው በበኩር ልጇ ላይ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ይሻላታል። ይህ ግን ወባ ዓመቱን ሙሉ ለሚመላለስበት አገር ሴት ነው። የደጋዋ ሴት የመጀመሪያ ልጇም ይሁን ስድስተኛዋ ለውጥ የለውም። ወባን ስለማታውቀው ስትያዝ ትወድቃለች፤ እሷም፣ የያዘችውም ልጅ።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉልኝ። ተውሳኩ እንግዴ ልጁ ላይ ተለጥፎ ሲቀመጥ የእናትየዋ የጣት ደም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ፈጣኑ መመርመሪያ «የለባትም» ሊል ይችላል። እሷም ላያተኩሳት ይችላል። ትንሽ ትደክማለች፣ ትነጣለች፣ «እርግዝና ነው» ትባላለች። ልጁ ሲወለድ ክብደቱ ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ከቆላ የመጣች፣ ደም ያነሳት፣ ከ2.5 ኪሎ በታች የወለደች እናት አንድ ጊዜ ነጻ ስለተባለች ብቻ ከልባችን መውጣት የለባትም።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ ለእኛ አገር ሰው የራሱ ጣጣ አለው። ጉበት ውስጥ ይተኛል። ሴትየዋ ታክማ፣ ድና፣ አገሯ ገብታ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትንኝ በሌለበት ደጋ ላይ ይቀሰቀስባታል። ከጉበት የሚያጠፋው መድኃኒት ፕሪማኩዊን ነው፤ ለእርጉዝ ግን አይሰጥም፤ የፅንሱን ደም ሊጎዳ ይችላል። እርጉዟ የምትታከመው በክሎሮኪን ነው። ክሎሮኪን ደሟን ያጠራል፤ የተኛውን አይነካም። እንግዲህ ሰኔ ላይ ቆላ ታክማ የመጣች ሴት ኅዳር ላይ ደጋ ስትወልድ ወባዋ አብሯት ሊሆን ይችላል። ቆላ ያከማት ሰው ይህን ያውቃል። ደጋ የሚያዋልዳት ሰው አያውቅም። በሁለቱ መካከል አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አትሄድም።

በተረፈ በጣም ልጅ ሆና ያረገዘች፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የታመመች፣ ክኒን ጀምራ ያቋረጠች፣ ያለ አጎበር ያደረች፣ እነዚህ ሁሉ የበለጠ ያሰጋሉ። ያቺ የ19 ዓመቷ ልጅ ከኤችአይቪው በቀር ሁሉም ነበረባት።

አሁን ወደ ወሎ ልምጣ።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሐረጎን ቁልቁል ወርደህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ኮምቦልቻ ትገባለህ፤ 1,850 ሜትር ገደማ። ካፖርትህን ታወልቃለህ። ከዚያ ወርደህ ከሚሴ፣ ወይም ታጥፈህ ባቲ ስትደርስ ሌላ አገር ነው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ መሬት የወባ መሬት ነው ሲባል ኖሯል። ያ መስመር ወሎን መሃል ለመሃል ይሰነጥቃታል። ሰዉ ደግሞ መስመሩን በየቀኑ ይሻገራል። ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። ልጁን ለቆላ ሰው ይድራል። ለአጨዳ ቆቦ፣ መተማ፣ ሁመራ ይሄዳል። ሁለት የጤና ሥርዓት ያለን ይመስል ቆላው ለብቻ፣ ደጋው ለብቻ ሲሠራ፣ እናቶቻችን ግን በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ።

አንድ ልማዳችን ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ይቅር አልልም። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ቆላ የተዳረችው ልጅ ሰባተኛውና ስምንተኛው ወር ላይ ወደ እናቷ ትወጣለች። እናቷ ገንፎውን ልታገነፋላት፣ ወገቧን ልታስርላት፣ ልታርሳት ትጠብቃታለች። ዱበርቲዎቹ፣ ሙስሊም እናቶቹ፣ ቡና አፍልተው ይመርቋታል፤ ጎረቤት ክርስቲያን ሴቶች «ማርያም ትቅረብሽ» ይሏታል። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነው። ግን አስቡት። በወባ የምትሰጋው የበኩር እናት ናት ብለናል። ልማዳችን ያችኑ የበኩር እናት መርጦ፣ ወባ ካለበት አገር አንሥቶ፣ ወባን ማንም ወደማያስብበት አገር ለመውለድ ይወስዳታል። ልጁም የሚታመመው እዚያ ነው።

ከወለደች በኋላስ? አራስ ከቤት አትወጣም። ክርስቲያኑ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ክርስትናውን ይጠብቃል፤ ሙስሊሙም አርባውን ያከብራል። የሕፃኑ ትኩሳት የሚመጣው ከ10ኛው እስከ 30ኛው ቀን ነው፤ ልክ በሩ በተዘጋበት ጊዜ። «ምች ነው»፣ «ዓይን በልቶት ነው» ይባላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራሷን የምትጎበኘው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቀጥሎ ሕፃኑ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ለ45 ቀን ክትባት ነው። በመሃል ያሉት ሳምንታት የማንም አይደሉም። ወባው የሚነሣው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

ስለ አጎበርም አንድ ነገር ልበል። ገበሬው አጎበሩን ለጭድ ማሰሪያ አዋለው እየተባለ በየስብሰባው ይወቀሳል። እኔ ቆላ ሳለሁ ቤት ለቤት ስዞር ያየሁት ሌላም ነገር ነው። አጎበር የሚታደለው በየጥቂት ዓመቱ በቤተሰብ ቁጥር ነው። ሙሽራዋ የመጣችው ከእደላው በኋላ ነው። መዝገቡ ላይ የለችም። አንድ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ ሁለት አጎበር አለ፣ አንዱ የአማቶቿ አልጋ ላይ፣ አንዱ ከትንንሾቹ ልጆች በላይ። ሙሽራዋ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። የምትተኛው ጓዳ፣ መደብ ላይ ነው። አማትየዋ ክፉ ሰው አይደሉም። እንግዳ ተቀባይ፣ ቡና ያፈሉልኝ ሴት ናቸው። የተሰጣቸው ሁለት ነው፤ ለሁለት አልጋ አዋሉት። ለእርጉዝ ሴት በመጀመሪያ የክትትል ቀኗ እጇ ላይ አጎበር ቢሰጣት ኖሮ ያቺ ልጅ ጓዳ ውስጥ ባልተነደፈች ነበር።

በሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች ወባ ባለበት አካባቢ ላለች እርጉዝ ከ13ኛው ሳምንት ጀምሮ በየክትትሉ፣ ቢያንስ በወር ልዩነት፣ ፋንሲዳር የሚባል የወባ ክኒን ይሰጣታል፤ ወባው ባይታይባትም ተብሎ። በእኛ አገር አሠራር ይህ የለም። የእኛ እርጉዝ ያላት አጎበሯና ቶሎ መመርመሯ ብቻ ነው። ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም ሊጎድሉባት አይገባም።

ይህን ያህል የምጨነቀው ስለ አንድ ልጅ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። ወባ ቆላ ተወስኖ የሚቀመጥ በሽታ እንዳልሆነም አያቶቻችን ያውቁታል። በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። በጣም የጎዳው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን፣ ወባን ያለመደውን ሰው ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ትንኝ መጥታብናለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው፤ በኋላ ባቲን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተገኝታለች። ይቺ ዝናብ አትጠብቅም። በርሜልና የውኃ ታንከር ይበቃታል። ከተሜዋ እርጉዝ «እኔ ገጠር አልወረድኩም» ብትለንም እንግዲህ አያዛልቅም።

ታዲያ ምን እንድታደርጉ ነው የምለው?

መጀመሪያ ያችን ጥያቄ ካርዱ ላይ አትሙልን። በእርግዝና ክትትሉም፣ በማዋለጃውም፣ በታመመ ሕፃን ካርድም ላይ። «ካረገዝሽ ወዲህ የት የት ከርመሻል? አተኩሶሽ ነበር? ምን ዋጥሽ?» ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጽሑፉ ከሌለ ጥያቄው ይረሳል። እኔ ቆላ የሠራሁት ረስቼዋለሁ፤ ቆላ ያልሠራችው ወጣት ባልደረባዬ እንዴት ታስታውሰዋለች?

መልሱ ቆላ ከሆነ ደግሞ እናትየዋ በወሊድ ቀን ትመርመር። ልጇ በ28 ቀኑ ውስጥ ቢያተኩሰው ወይም ቢነጣ፣ የኢንፌክሽኑ መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ ከተረከዙ አንድ ጠብታ ደም ይወሰድና ይታይ። ለዚህ ደጋ ላይ ያሉ ጤና ጣቢያዎች መመርመሪያው ሊኖራቸው ይገባል። አሁን «እናንተ ጋ ወባ የለም» ተብሎ ወደ እኛ የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው፤ ያለውም ቀኑ አልፎበት ይጣላል። የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችንም ስላይድ ላይ ወባን ካዩ ዓመታት ያለፋቸው አሉ። ለጥቂት ሳምንት ከሚሴ ወይም ቆቦ ሄደው ዓይናቸውን አለማምደው ቢመጡ ትልቅ ነገር ነው። ያንን ልጅ ያዳነው ውድ መሣሪያ አይደለም። መተማ የሠራ ዓይን ነው።

ቆላ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እናንተንም ልለምናችሁ። እርጉዟን ወባ አክማችሁ ስትሸኙ ወደ እናቷ ልትወጣ እንደሆነ ጠይቋት። ከሆነ የያዛት የትኛው ዓይነት እንደነበር፣ መቼ፣ በምን እንደታከመች በአንድ ወረቀት ጻፉላት። ቫይቫክስ ከሆነ ዳግም ሊነሣባት እንደሚችል ንገሯት። ከወለደች በኋላ ፕሪማኩዊን መቼ እንደሚሰጣት፣ ምን መታየት እንዳለበት ለሚቀበላት ባለሙያ ጻፉለት። ወረቀቱን ከካርዷ ጋር በላስቲክ ትያዘው። መንገድ በየጊዜው በሚዘጋበት በዚህ ወቅት ስልክ ላይሠራ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ከእሷ ጋር ይደርሳል።

ስለ መድኃኒቱ ለቢሮው አንድ ጥያቄ አለኝ። ለትንሽ ሕፃን የተዘጋጀ የወባ ክኒን እስከ ቅርብ ጊዜ አልነበረም። የምንሰጠው ለትልልቅ ልጆች የተሠራውን ነው፤ እሱንም እየከፈልን፣ መጠኑ በዛ አነሰ እያልን እየሰጋን። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የስዊዘርላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ለሚመዝኑ ሕፃናት የተዘጋጀ የኮአርተም ዓይነት አጽድቋል። ይህ መድኃኒት ወደ ወሎ ጤና ጣቢያዎች እንዲደርስ ከፌዴራሉ ጋር ተነጋገሩልን። መቼ እንደሚደርስም በግልጽ ንገሩን።

ይህን ለምታነቡ እናቶችና አያቶች ደግሞ እንዳትደነግጡ እፈልጋለሁ። ወባ ያለባት እናት ሁሉ ወባ ያለበት ልጅ አትወልድም። በጊዜ ከታከመች አደጋው ይቀንሳል። በጡት ወተት ወባ አይተላለፍም፤ ልጁ ቢታመምም አጥቡት። ከእናቱ የወሰደው ወባ ጉበት ውስጥ አይተኛም፤ ደሙ ከታከመ አለቀ። እንዲያውም ከሕፃናት በሽታዎች ሁሉ በቀላሉ ከሚድኑት አንዱ ይህ ነው፤ ካገኘነው። ስለዚህ አራሷ አርባ ሳይሞላት ልጁ ካተኮሰው ሥርዓቱ ፈረሰ አትበሉ። ነጠላውን ሸፍናችሁ፣ ብረቷን አስይዛችሁ፣ አያትየዋን አስከትላችሁ ላኩልን። ስትገባም እኛ ባንጠይቅ እንኳ ራሳችሁ ንገሩን። «መተማ ከርማ ነው የመጣችው» በሉን።

ባለፈው መስከረም በእርግዝና መከታተያ መዝገቤ ላይ፣ ከደም ግፊቱ ቀጥሎ፣ በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመርኩ። ላዩ ላይ «የት ከረምሽ?» ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ገጹን ስገልጥ «የትም አልሄድኩም» የሚለው ይበዛል። መሃል መሃል ላይ ግን አለ፤ ቆቦ፣ ሐርቡ፣ መተማ፣ ከሚሴ፣ አፋር ጥጥ ለቀማ። አንዷ «ባቲ፣ አማቴ ዘንድ፣ ሁለት ወር» ብላኛለች፤ እሷ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ከስሟ አጠገብ ኮከብ አድርጌያለሁ። መስመሩ በእጅ ስለተሰመረ ገጹ በተቀየረ ቁጥር እንደገና አሰምራለሁ፤ እኔ ዕረፍት ስወጣ የሚያሰምረው የለም። ለሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ስታሳትሙ ይህን መስመር ጨምሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የወሎ አዋላጅ ነርስ